ማች አደረገ

መምህር አበባው እንግሊዞችን ስስታሞች ይላቸው ነበር። «እኛ ለእያንዳንዱ ነገር ስሙን አውጥተንለታል። እነሱ ግን አንዲቱን ቃል እንደ ድሃ በሬ ጠዋት ያርሱባታል፣ ከሰዓት ያበራዩባታል፣ ሲመሽም ለጎረቤት ያውሷታል» ይለንና ጠመኔውን አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ይደረድራል። ባንክ የገንዘብ ቤት ነው፤ ባንክ የወንዝ ዳርም ነው። ማች ክብሪት ነው፤ ማች የኳስ ግጥሚያም ነው። ክሮስ መስቀል ነው፤ መንገድ ማቋረጥም ያው ክሮስ ነው። የክፍሉ ልጆች በስስታሞቹ ይስቃሉ፤ እኔ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። አንዲት ቃል ሆዷ ውስጥ ይህን ሁሉ ይዛ ጸጥ ብላ መቀመጧ ተአምር ሆኖብኝ ነበር። ወንዝ ወርጄ ውኃ ስቀዳ «ባንክ መጣሁ» እያልኩ ብቻዬን የምስቅ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ።

ዛሬ ያን ቋንቋ እኔም ንፋስ መውጫ ላይ አስተምረዋለሁ። ተማሪዎቼ ተማርረው አንድ ቃል ለምን ይህን ሁሉ ይሸከማል ሲሉኝ የመምህር አበባውን በሬ እጠቅስላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ልቤ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ዓርብ ይሄዳል።

እናቴ ጌጤ ታናሽ እህቴን የወለደችው እቤት ነው። ሕፃኗ በሰላም መጣች፤ የእናቴ ደም ግን አልቆም አለ። ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ሠርተው እየተቀባበሉ መኪና መንገዱ ድረስ አወጧት። የገብስ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ቆመልንና ንፋስ መውጫ ገባን፣ ሆስፒታል። አባቴ ክንዱ፣ ሕፃኗን የታቀፈችው አክስቴ አሰለፈች፣ የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረ ሚካኤል፣ ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎረቤቶች፣ ከኋላ ደግሞ እኔ። ማንም ነይ አላለኝም፤ ማንም ተመለሽም አላለኝም።

ሆስፒታል ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። ወለሉ ከመጥራቱ የተነሣ ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ ግራ ገባኝ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የነጭ ለባሾቹ ንግግር ነው። በአማርኛ ይጀምሩና መሐሉ ላይ እንግሊዝኛ ይገባበታል፤ እነዚያ ሰሌዳ ላይ የማውቃቸው ቃላት እዚህ ነፍስ ዘርተው በየበሩ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አባቴ ግማሹ ሲያመልጠው እኔ ሁሉንም የያዝኩ መሰለኝ፤ በዚያ ጭንቅ መሐል እንኳ ደረቴ ተነፋ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ። እንደ ትልቅ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

አንዷ ነርስ ለሌላዋ ስትነግራት የሰማሁት እናቴ ኦ ኔጌቲቭ መሆኗን፣ ባንክ ተደውሎ የለም መባሉን ነው። ስልክ ቁጥር ሲነበብ ዜሮን ኦ እንደሚሉት ተምሬያለሁ። ኔጌቲቭ ደግሞ በሒሳብ ከዜሮ በታች ነው። ስለዚህ ደሟ ዜሮ እንደ ሆነ፣ እንዲያውም ከዜሮ በታች እንደ ወረደ ነገርኩት። አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ባንኩን አልተረጎምኩለትም፤ እኔኑ አስፈርቶኝ ነበር። የደም ባንክ ሲባል በዓይኔ የመጣው ቀይ ወንዝ ነው። ሰዎች ዳሩ ላይ እንስራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ የእናቴ ተራ ሲደርስ ወንዙ ይደርቃል። ኦ የደም ዓይነት መጠሪያ መሆኑን፣ ኔጌቲቭም ጉድለት አለመሆኑን፣ ያ ዓይነት ደም ያለው ሰው ግን በአገራችን በጣም ጥቂት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከጎረቤቶቻችን ደም ሊወሰድ ሲታሰብ የላቦራቶሪው ባለሙያ አንዋር፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ጁነይዲ ልጅ፣ ክሮስ ማች ሳይሠራ ለእናቴ ምንም እንደማይሰጣት ተናገረ። ክሮስ ማች! ሁለቱንም ቃል አውቃቸዋለሁ። መስቀልና ክብሪት ማለት ነው። የሚያድናት ነገር ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ማንም እንዴት አልተነሣም? ሮጬ ከበሩ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ክብሪት ለመንኩ። ከግድግዳው ሥር ዳዊት ወደሚደግሙት ወደ ቄስ ገብረ ሚካኤል ሄጄም ሐኪሙ መስቀል እንደሚፈልግ ነገርኳቸው።

«ተመስገን፤ በመጨረሻ ልብ ገዙ» አሉና መስቀላቸውን እያወጡ ተነሡ።

እሳቸው መስቀሉን፣ እኔ ክብሪቱን ይዘን የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆምን። አንዋር አንዴ መስቀሉን፣ አንዴ ክብሪቱን አየ። መሳቅ ይችል ነበር፤ አልሳቀም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለቄሱ ጎንበስ አለና ጸሎታቸው እንዳይለየው ለመናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ክሮስ ማች የእናትሽን ደም ከሚሰጣት ሰው ደም ጋር ማጋጠም ነው» አለኝ። «ሁለቱ ደሞች ከተጣሉ አይሆንም። ካልተጣሉ ትድናለች።»

ደግ መልስ ነበር። ለልጅ ከዚህ የተሻለ እንደማይነገር ዛሬ አስተማሪ ሆኜ አውቃለሁ። እኔ ግን ከሁሉም የያዝኩት ማጋጠምንና መጣላትን ብቻ ነው። ማች ግጥሚያ ሆነ። ደም ከደም ሊጣላ እንደሚችል ደግሞ ለጋይንት ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

አጎቴ እሱባለው፣ የአባቴ ታናሽ፣ ከአያ ካሴ ጋር በማሳ ድንበር ተጣልቶ ነበር። ነገሩ ከሮ አጎቴ ተኮሰ፤ ጥይቱ አያ ካሴን ጭናቸው ላይ መታቸው። ሞቱ ሲባል ተረፉ፤ አጎቴ ግን ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። ተኳሽ ቢሸሽ ወንድሙ አለ፤ በእኛ አገር ዕዳው በር አይስትም። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በእኛና በካሴ ቤት መካከል ደም አለ ይላሉ። እኔ ደሙ እዚያ ድንበር ላይ እንደ ኩሬ ተኝቶ የሚገኝ መስሎኝ በዚያ አላልፍም። አባቴም አያልፍም፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ዙሪያ ጥምጥሙን ይዞራል። እኔ ኩሬውን ፈርቼ ነው፤ እሱ የፈራው ሌላ ነው።

ጎረቤቶቻችን ተራ በተራ ክንዳቸውን ሰጡ። ደም መስጠት ዕድሜ ያሳጥራል በሚባልበት ዘመን እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። አባቴም ገባ፣ አክስቴ አሰለፈችም ገባች። ሁሉም ፖዘቲቭ ናቸው ተባለ። ፖዘቲቭ ማለት ያለው ማለት መሰለኝ። ያላቸው ሰዎች ተሰልፈው ቆመው ለሌላት ሴት መስጠት አለመቻላቸው ገረመኝ፤ የዓለም ነገር ሁሉ እንዲህ ከሆነ ብዬም አዘንኩ። እናቴ በዚህ መሐል እየነጣች ሄደች። እጇን ስይዘው የጠዋት ድንጋይ ያህል ቀዘቀዘኝ። ሕፃኗን እንዲያስጠጉላት ጠየቀች፤ ሲያስጠጉላት ግን ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ነርሷ ፊቷን ስታዞር አየኋት፤ ለዚያ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም።

ያን ጊዜ ከበሩ ኋላ የቄስ ገብረ ሚካኤል ድምፅ መጣ።

«ክንዱ፣ የካሴ ደም ካልመጣ ጌጤ አትድንም።»

አባቴ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሠረ። «እንግዲህ የመጣው ይምጣ፤ አመጣዋለሁ» አለና ዱላውን አነሣ። ሁለቱም ወጡ፤ ደጅ ሲጠብቀን የዋለው የአይሱዙ ሹፌር ሞተሩን ሲያስነሣ ሰማሁት።

ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ግጥሚያው ይህ ነው። አባቴ አያ ካሴን ሊገድል ሄዷል፤ ደማቸው በጣሳ ወይ በማሰሮ ይመጣል፤ እናቴ ትድናለች። ቄሱም አብረው መሄዳቸው ለኑዛዜ መሰለኝ።

እውነቱን በኋላ ነው የሰማሁት። አያ ካሴ በተመቱ ጊዜ የተኙት እዚያው ሆስፒታል ነበር፤ ዘመዶቻቸው ሁሉ ተሰልፈው አልሆነም ተብሎ ያ ኦ ኔጌቲቭ የሚባል ደም ከሩቅ አገር ሰው ነው የተገኘው። ሊጠይቋቸው የሄዱት ቄስ ገብረ ሚካኤል ቃሉን ሰምተው በልባቸው ይዘውት ኖረዋል፤ ስለ እናቴም ያው ቃል ሲነገር ትዝ አላቸው። አንዋርም ሲጠየቅ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ዕለቱ ዓርብ ነውና አያ ካሴ ከዓርብ ገበያው እንደማይጠፉ ሁሉም ያውቃል።

አባቴ እህል ተራው መሐል አገኛቸው። አያ ካሴ ገብሳቸውን አስቀምጠው፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ጠላታቸው ከፊታቸው ሲመጣ ባዩ ጊዜ እጃቸው ወደ ጠመንጃው ሄደ። አባቴ ግን ከመሬት ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና በግንባሩ ተደፋ። ለምን እንደ መጣ ሲጠየቅ ከአፉ የወጣው ይህ ነው፦

«ደምህን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

ገበያው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ ይባላል። ድንጋይ ተሸክሞ ደም የሚፈልግ ሰው ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ሌላ ነገር ሳይከተል ቄስ ገብረ ሚካኤል መሐል ገብተው መስቀላቸውን አነሡና ነገሩን አስረዱ። አያ ካሴ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ስለ ልጁ ጠየቁ፤ ሴት መሆኗንና መትረፏን ሲነግሯቸው ደግሞ መኪናው የት እንደ ቆመ ጠየቁ። ጠመንጃውንና ገብሱን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው ተነሡ። ያን ቀን ያ ሁሉ ገበያተኛ በአንድ ቃል እኔ የተሳሳትኩትን ያህል መሳሳቱን ሳስብ ዛሬ እጽናናለሁ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አያ ካሴ እያነከሱ ገቡ። በሕይወት! አባቴ ከኋላቸው ነው፣ ዱላውን ይዞ። አግዳሚው ላይ አስቀምጧቸው አንዋርን ሊጠራ ሄደ። በእግራቸው ያመጣቸው እዚሁ ሊያርዳቸው ነው ማለት ነው።

በግራዬ በኩል በተከፈተው በር እናቴ ትታየኛለች። በቀኜ አያ ካሴ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ብናገር እናቴ ትሞታለች። ዝም ብል እኚህ ሰው ይሞታሉ። እግሮቼ እንዴት እንዳደረሱኝ አላውቅም፤ ፊታቸው ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«አያ ካሴ፣ ይሽሹ። ሊያርዱዎት ነው።»

«ማን?»

«አባቴ። የእርስዎ ደም ካልመጣ እናቴ አትድንም ብለዋል።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቡናማ ነው፤ ጠላት ዓይኑ ቀይ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? እናትሽ ትሙት?»

«እናቴም እንድትሞት አልፈልግም» አልኩና እንባዬ አሸነፈኝ።

አልሳቁብኝም፣ አላባበሉኝምም። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጡኝ፣ ፊቴን እንድጠርግ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብለው የነገሩኝን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም፤ አሁን ግን ስለማይቀየሙኝ ልናገረው። «አልሸሽም። ይልቅ አብረሽኝ ግቢና እጄን ያዢኝ፤ እኔ ጥይት እንጂ መርፌ አልለመድኩም።»

አንዋር እንዳልገባ ሊከለክለኝ ነበር፤ ፊታቸውን አይቶ ተወኝ። ዓርብ ስለሆነ አያ ካሴ እህል አልቀመሱም፤ አንዋር ባዶ ሆድ አይሆንም ሲል ቄስ ገብረ ሚካኤል ጾሙን ፈቱላቸውና ዳቦ በሻይ በሉ። ከዚያ ከክንዳቸው ትንሽ ደም ተወሰደ። ከእናቴ የተወሰደውም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንዋር ሁለቱን በቀጭን ብልቃጥ ውስጥ አገናኛቸው። የእኛ ደምና የካሴ ደም በአንድ ብልቃጥ! ይፈላል፣ ይጮኻል፣ መስታወቱን ይሰብራል ብዬ ወደ አያ ካሴ ክንድ ተጠጋሁ። አንዋር ጠበቀ፣ ነቀነቀ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየ። ደግሞ አየ።

«አልተጣሉም» አለ። «ማች አደረገ።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በልጅነት ዓይኔ እንዳየሁት አድርጌ መናገር ብችል ደስ ይለኛል። አያ ካሴ ተጋደሙ። እጄን አጥብቀው ያዙ፤ መርፌው ሲገባ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ሕፃን ተጨማደዱ። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ደማቸው ሄዶ ከረጢቱን መሙላት ጀመረ። አንድ ሰው ሳይታረድ፣ ሳይጮኽ፣ ስለ ገብሱ ዋጋ እያወራ ደሙ ሲወጣ አየሁ። ይሞታሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እሳቸው የመጪውን ክረምት ዝናብ ይገምታሉ። አንዋር የሞላውን ከረጢት ይዞ ሲያልፍ እንድነካው ፈቀደልኝ። ትኩስ ነው። ሕይወት የሚባለው ነገር እንዲህ በእጅ የሚነካ መሆኑን ማን ነግሮኝ! አያ ካሴ ደግሞ ተነሥተው ተቀመጡና ጫማቸውን ፈለጉ።

ከረጢቱ ከእናቴ ራስጌ ተሰቀለ። ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲወርድ ሁላችንም ቆመን አየን። ቄሱ ዳዊታቸውን ረሱ። አንዋር ሥራ እንዳለው ሰው ብቅ እያለ ይመለሳል። አያ ካሴ በሩን ተደግፈው የራሳቸው ደም ወደ ጠላታቸው ሚስት ክንድ ሲገባ ይመለከታሉ። እያየሁት የእናቴ ከንፈር ቀለም ያዘ። ቆየት ብሎ ዓይኗን ገለጠችና ሕፃኗ ጡት ጠብታ እንደሆነ ጠየቀች። አባቴ አያ ካሴ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል በአንድ እጃቸው ያዙት።

«ተው» አሉት። «ዛሬ አንዴ ወድቀሃል፤ ይበቃል።»

ትምህርት ቤት ስመለስ የመምህር አበባው ፈተና ጠበቀኝ። ከላይ ያችው ማች አለች፤ ከሥሯ ሁለት ረድፍ ቃላት። ክብሪትም ግጥሚያም አልሆን ስላለኝ እጄን አወጣሁ። «አዛምዱ ማለት ነው» አለን፤ «ከግራ ያለውን ከቀኝ ካለው ዘመዱ ጋር አገናኙ።» እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ስስታሞቹ እንግሊዞች ይህንንም እዚያች ትንሽ ቃል ውስጥ ጨምረውታል። አንዋር «ማች አደረገ» ያለውን አሁን እንደ ገና ሰማሁት፤ ፈተናውን ሳልጨርስ ደወሉ ተደወለ።

ሽማግሌዎች ደሙን ሊያደርቁ የተቀመጡት እህቴ ክርስትና ከመነሣቷ በፊት ነው። አጎቴ እሱባለው ከቆላ ተጠርቶ መጣ። ካሣው ስንት ይሁን ሲባል አያ ካሴ ደማቸው ጌጤ ውስጥ እየሄደ ሳለ ከማን ካሣ እንደሚቀበሉ መልሰው ጠየቁ። ካሣቸው ሕፃኗ እንደ ሆነች ተናገሩ፤ ካሣነሽ በሏት አሉ። ካሣነሽ ተባለች፤ ክርስትና ያነሷትም የእሳቸው ባለቤት ናቸው። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን በአጭሩ መንገድ ይሄዳል።

አያ ካሴ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ለቅሶው ላይ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከሟች እህቶች መሐል ገብታ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች ደረቷን ስትመታ ዋለች። የሚያውቋት ቦታ ለቀቁላት። ከእስቴ የመጣች አንዲት ሴት ግን የሟች እህቶች ስንት እንደ ሆኑ ታውቅ ነበርና ግራ ገባት። አልቃሹ ሲያርፍ ወደ እናቴ ጠጋ አለች።

«እቴ፣ እህትነታችሁ በእናት ነው በአባት?»

«በደም ነው» አለቻት እናቴ፤ ከዚያም ፊቷን ጠርጋ ከቀብር ለሚመለሱት የእጅ ውኃ ልትቀዳ ተነሣች።